በጁስ ቤት የተጠየቅኩት

«ቲቸር፣ ድምፁ ጠፋ እኮ! ልቀይረው አቦ፣ ኳሱ ሊጀምር ነው!» አለ የጁስ ቤቱ ባለቤት አብዲ፣ ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ።

«አልጠፋም አልኩህ፤ ትንሽ አርፋ ትቀጥላለች» አሉት የሙዚቃ አስተማሪዬ። በቴሌቪዥኑ በሚታየው የዓለም የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ላይ እኔን የምታክል ልጅ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ጭሮ ውስጥ ቲቸር ቫዮሊን የሚያስተምሩት እኔን ብቻ ነው፤ ያመጡኝም እሷን እንዳይ ብለው ነው። ቤቴ ወስጄ እንድለማመድበት ያዋሱኝ የራሳቸው ቫዮሊን ከነሳጥኑ በጉልበቶቼ መሐል ቆሟል።

«ይሄ ጁስ ቤት ነው ለቅሶ ቤት?» አለ አንድ የክፍሌ ልጅ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«እሺ፣ ልጁ ይፍረድ» አሉ ቲቸር፣ በእኔ ተማምነው ፈገግ እያሉ። «የትኛውን እንይ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ልጅቷ እንደገና መጫወት ጀምራለች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ክፍሌ ልጅ ዞር ብዬ አየሁ።

«ኳሱን» አልኩ።

አብዲ ቀየረው። «ወላሂ፣ ጎበዝ ልጅ!» አለና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ቲቸር ጁሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ቫዮሊኑን ከጉልበቶቼ መሐል ቀስ ብለው ወሰዱና ወጡ።