ወይዘሮ ፀሐይቱ ተክሌና ሳሙና የማያረፋው ወንዝ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የእኅቴን የወይዘሮ ፀሐይቱ ተክሌን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ ድምፄ ቢሻክር ከኀዘን ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ተክሌ ወልደ ሰንበትና ከወይዘሮ አሰለፈች ደምሴ በ1951 ዓ.ም. በአቃቂ በሰቃ ተወልደው፣ በዚያው ተምረው፣ በዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቀው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ አገልግለዋል። ከአቶ ዘአማኑኤል ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማህሌትንና አቢን አፍርተዋል።

ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ በወንዛችን ነው። ወንዙ ከላይ ከምንጩ ሲወርድ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ስለሚመጣ ሳሙና አያረፋም፣ ድስት ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ባቄላም ቶሎ አይበስልበትም፤ ይህ ግን ሰው እንደማይጎዳ ተናግረው ተናግረው ደክመዋል። ከክር ማቅለሚያው ፋብሪካ ቱቦ በታች ግን፣ የሚለቀቀው ሶዳ ካልሲየሙን ስለሚያዘቅጠው ውሃው ይለሰልሳል፣ ሳሙና ያረፋል፣ ባቄላም ቶሎ ይበስልበታል፤ አብሮት የሚወርደው የማቅለሚያ መርዝ ግን በዓይን አይታይም፣ በማፍላትም አይወጣም። እኛ ደግሞ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር «የታችኛው ይሻላል፣ ሳሙና ይቆጥባል፣ ደግሞ ይፈላል እኮ» እየተባባልን ጤነኛውን ውሃ አልፈን ወደ ቱቦው ወረድን።

አንድ እሑድ እኅቴ ሁለቱን ውሃ በጠርሙስ ይዘው የእድሩ ስብሰባ ላይ ቀረቡ፤ ሳሙና ጨምረው ነቀነቁና የትኛውን እንደምንጠጣ ጠየቁን። ጉባኤው በአንድ ድምፅ የሚያረፋውን መረጠ። ተሳስታችኋል ብለው በትዕግሥት ሲያስረዱም ሰብሳቢው አመስግነው አስቀመጧቸውና ስለ ድንኳን ወንበር መወያየት ተጀመረ። የዚያን ዕለት ቤታቸው ገብተው ያለቀሱትን ልቅሶ ያየሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ማለዳ ዐርፈዋል። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ የገደላቸው ይጠጡት የነበረው ነጭ ቅርፊት የሚተወው የላይኛው ውሃ ነው ስትሉ የነበራችሁ፣ ቢያንስ ሥጋቸው አፈር እስኪለብስ ብትታገሡ ምን ነበረበት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሮዳስንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

በመጨረሻም፣ ለዛሬ ለቀስተኛ የተቀቀለው ንፍሮ በቶሎ መለስለሱን አይቼ ብጠይቅ፣ ውሃው ከቱቦው በታች የተቀዳ መሆኑ ስለተነገረኝ ሁሉንም አስደፍቼዋለሁ። ሌላ ንፍሮ በላይኛው ውሃ ተጥዷል፤ እስኪበስል ድረስ ግን ከነረኀባችሁ ትቆያላችሁ።