ባለቤት ያጣ ጉድጓድ

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አቶ ዓምደሚካኤል ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ሶዶ ከተማን ውጧት ነበር። እሳቸው በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። በከዘራቸው መሬቱን እየዳበሱ በባቡሩ ቦይ ጠርዝ ሲያልፉ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ወጣት ድንገት ብቅ አለችባቸው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ናዝራዊት ነኝ፤ የአቶ ቸርነት ልጅ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ክው አደረግሽኝ እኮ ልጄ! እዚህ ቦታ ላይ ቆመው ሰው አይጠሩም።»

ናዝራዊት በምህንድስና ተመርቃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆና ሰፈሩን ታገለግላለች። ያ ቦይ የተቆፈረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከመናኸሪያው እስከ ዩኒቨርሲቲው የከተማ ባቡር ይዘረጋል ተባለ፤ ቤቶች ፈረሱ፤ መሬቱ በሁለት ሰው ቁመት ተቆፍሮ ከሥሩ ትልቅ የጎርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ተቀበረ። ከዚያ ወጪው አጣላ። የላይኛው መንግሥት «ግማሹን ክልሉ ይክፈል» አለ። ክልሉ «ውላችን ሙሉውን እናንተ ልትችሉ ነው» ሲል መለሰ። ከተማው በበኩሉ «እኔ መሬት ሰጥቻለሁ» ብሎ ዳር ቆመ። አንድ ማለዳ ማሽኖቹ ተጭነው ሄዱ፤ ቦዩ ግን ሰፈሩን ለሁለት ገምሶ ቀረ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከሥሩ ሰው የሚጣራ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አቤት ያለው ሰው ዓመት አይደርስም ስለሚባል ማንም አቤት አይልም።

«ቤትዎ ልመጣ ስል እግዜር አገናኘን» አለች ናዝራዊት፣ ከላስቲክ አቃፊ ወረቀት እያወጣች። «ሦስቱም አካላት አዳራሽ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ ድርሻቸውን እንዲፈርሙ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ‹መጀመሪያ እድር ዳኛው ይፈርሙ› እያለ ነው።»

«ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«አይከሰስ ተባለ እንጂ አይጠየቅ አልተባለም፣ አባባ።»

አቶ ዓምደሚካኤል መልሷ ባያስከፋቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንት ደብዳቤ ሲመላለስ ባይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ሁለት መንግሥት ሲጣላ መሐል የገባ ይደቃል። ዝም ካልናቸው ራሳቸው ይታረቃሉ።»

«አራት ዓመት ዝም አልናቸው እኮ። ለምን ብለው ይታረቃሉ? ቦዩ ያለው በእነሱ ደጅ አይደለም። ጠቡ ለእነሱ ደብዳቤ ነው፤ ለእኛ ጉድጓድ ነው።»

«ባጃጅ ላለው ሰው ደግሞ ባቡር ምን ይሠራለታል?»

«ምጥ የያዛትን ሴት በባጃጅ ጭነው ይህን ቦይ ዞረው አያውቁም? ወይ ይሥሩት፣ ወይ ይድፈኑት። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ይታወቅ።»

መልስ ሊሰጧት አፋቸውን ሲከፍቱ ከሥር፣ ከቦዩ ሆድ፣ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ድረሱልኝ!»

አቶ ዓምደሚካኤል የልጅቷን ክንድ ጨበጡ። «አትመልሺ! ጠዋትም ሰምቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አማትቤ አለፍኩ።»

ናዝራዊት ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «ሰው ቢሆንስ?» አለችና ወደ ጠርዙ ተጠግታ ጮኸች። «አቤት! የት ነሽ?»

ከጉሙ ውስጥ ቆይቶ፣ «እዚህ ነኝ፤ ቱቦው አፍ ላይ!» የሚል መልስ መጣ።

ጎረቤት ተጠራ፤ ገመድ መጣ፤ ሁለት ጎልማሶች ወረዱ። የወጣችው ከአረካ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ፣ ጣፈጠች የምትባል ሴት ናት። በቦዩ አቋርጣለሁ ስትል ተንሸራትታ እግሯ ተሰብሯል፤ ውሃው ወገቧ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አቶ ዓምደሚካኤል ጋቢያቸውን አልብሰዋት አጠገቧ ተንበረከኩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ጠዋት ስትጣሪ ሰምቼ አልፌሻለሁ።»

«ጠዋት?» አለች፣ ወላይትኛ በተጫነው አማርኛዋ። «እኔ ጠዋት አረካ ነበርኩ፣ አባቴ። የወደቅኩት አሁን፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው።»

የከበቧት ሰዎች ተያዩ። ከቱቦው ውስጥ የውሃው ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። አቶ ዓምደሚካኤል ተነሥተው ጠርዙ ላይ ቆሙና ባላቸው ድምፅ ሁሉ፣ «አቤት! አቤት!» እያሉ ጮኹ። የመለሰላቸው የለም።

ጣፈጠች ሐኪም ቤት እንደገባች ቱቦው ይፈተሽ ተባለ። ከተማው «የተቋራጩ ነው» አለ፤ ተቋራጩ «የክልሉ ነው»፤ ክልሉም «የላይኛው ነው»። ፈቃዱ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ተገብቶ ቢፈለግ ምንም አልተገኘም። ሰው ጠፋብኝ ያለም አልነበረም። ነፋስ ይሁን፣ በራሱ የወጣ ሰው ይሁን፣ ጎርፍ የወሰደው ይሁን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንባቢ ሆይ፣ አጉል ፍርሃትና የባለሥልጣናት ጠብ ምንኛ ይመሳሰላሉ! ሁለቱም ጥሪ ሲሰሙ «የኔ አይደለም» ብለው ያልፋሉ።

አቶ ዓምደሚካኤል እንቅልፍ አጡ። በአራተኛው ቀን ናዝራዊት ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ከዚያም ማመልከቻውን ራሳቸው ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሦስቱም አካላት ኃላፊዎች መጡ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ ኃላፊ የውሉን ቁጥርና ቀን፣ ሌላው የመልሱን ደብዳቤ ሲያነብ፣ ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ።

«ጌቶቼ፣ ደብዳቤው ይቆየንና አንድ ነገር ንገሩኝ። እኔ እድር ዳኛ ነኝ። እዚያ ቱቦ ውስጥ ሰው ቢሞት ሬሳው የማን ነው? የምንቀብረው እኛ ነን። ለቅሶ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ግን ዛሬ ይጻፍልኝ።»

መድረኩ ላይ ወረቀት የሚገለብጡት እጆች ቆሙ።

በዚያው ሳምንት ሦስቱም በሕዝብ ፊት ድርሻቸውን ፈረሙ። ሐዲዱንና ባቡሩን የላይኛው መንግሥት፣ ድልድዮቹን ክልሉ፣ ፍሳሹንና ጥበቃውን ከተማው ወሰዱ። የየሦስት ወሩ ሥራም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማሙ። መስከረም ሳይጠባ የቱቦው አፍ በብረት ፍርግርግ ተዘጋ፤ በጋው ሳያልቅ ሦስት መሻገሪያዎች ተሠሩ። አምቡላንስ አሁን ሰፈሩ መሐል ይደርሳል፤ ተማሪው ሳይዞር ይሻገራል፤ የአረካና የቤሌ ነጋዴ ዕቃውን በደረቅ መንገድ ያስገባል። ሐዲዱ ገና ነው።

አቶ ዓምደሚካኤል በየሦስት ወሩ መነጽራቸውን አጥልቀው ሰሌዳው ፊት ይቆሙና ለማያነበው ሰው ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። አንድ ቀን ናዝራዊት አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ባቡሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳፈሩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እንኳ አልደርስበት ይሆናል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ግን ከዘገየ የማንን በር እንደማንኳኳ አሁን አውቃለሁ።»