የጋሽ ሚዛን ምላስ እና ስም የሌለው ዱቄት

የወፍጮ ድምፅ ምን ያህል ደግ እንደ ነበረ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። በእኛ ሰፈር ለብዙ ዘመን መንጋቱን የሚነግረን እርሱ ነበርና፣ ዝም ካለ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ዕቃ እንደ ረሳ መንገደኛ በየደጁ ቆም ማለት አብዝቶ ነበር። እኔም እንዲሁ ቆም ባልሁበት ማለዳ፣ ጎረቤቴን ከታሸገው ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ፣ ከእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ጋሽ ሚዛን እንላቸዋለን፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ እምብዛም የለም። ዱቄት በተፈጨ ቁጥር ከጆንያው አፍ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ያኖሩና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ «ይህ ንጹሕ ነው»፣ ወይም «ይህስ ለሰው አይሆንም» ይላሉ። በፍርዳቸው ላይ ይግባኝ ያለ ሰው አላውቅም። ይሁን እንጂ ከወንዙ ማዶ ያሉ ቤተሰቦች የበሉት ዱቄት አሟቸው ሐኪም ቤት ገቡ። ጥፋቱ ከየትኛው ወፍጮ እንደ ወጣ ስላልታወቀ ጤና ቢሮው የአካባቢውን ወፍጮ በሙሉ አሸገ፤ ናሙናም ወደ ሩቁ ዋና ከተማ ተላከ። መልሱ ግን አልመጣም።

«እንዴት አደሩ?» አልኋቸው።

«ወፍጮው እንዳደረው» አሉ።

ወዲያው አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ነጭ ካፖርት የደረበች ሴትና አንድ ጎልማሳ ባልደረባዋ ወረዱ። ጋሽ ሚዛን ብድግ አሉ፤ ሴቲቱ ልጃቸው ነበረችና። በዋናው ከተማ የምግብ መመርመሪያ ቤት ሥራ ከያዘች ወዲህ ዓይኗን ካዩ ቆይተዋል። አቅፈው ሳሟት፤ ቀጥለውም በሩን እያሳዩ፣

«ግቢና እዪው ልጄ። የዚህን ቤት ንጽሕና ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አሏት።

«የእርስዎን ጆንያ እኔ አልነካም፣ አባባ። ባልደረባዬ ነው የሚወስደው። ፊት የተወሰደው ናሙና ከጆንያው አፍ ብቻ ስለ ነበር አልበቃም። ከሆዱም ከግርጌውም መወሰድ አለበት።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የአባትሽ እህል ያስጠየፈሽ?»

«ዳኛ የዘመዱን ጉዳይ ያያል እንዴ?»

ጋሽ ሚዛን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይኸውልዎ፤ ፊደል ብናስቆጥራት ችሎት አቆመችብን» አሉ። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ሩቅ አልሄደም።

ባልደረባዋ ማኅተሙን ፈትቶ ሲገባ እኛ ሦስታችን ከደጅ ቀረን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማችን ምክር ቤት የሚቆርጠው ጉዳይ ነበረ፦ መንግሥት የሰጠው በጀት ለገበያው አጥር ይዋል ወይስ ለምግብ መመርመሪያ ቤት? የነጋዴው ሁሉ ቃል አቀባይ ደግሞ ጋሽ ሚዛን ነበሩ።

«እኔ ለአጥሩ ነው የምናገረው» አሉ። «አጥር ይታያል። ያንቺ ቤት መርዝ እስኪመጣ ምን ይሠራል? ሰዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ደመወዝ ሊበሉ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ምላስዎ ይበቃል ማለትዎ ነው?»

«እስከ ዛሬ በቅቷል።»

«የዘንድሮው በቆሎ ዝናብ እየመታው ተሰበሰበ፣ አባባ። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ጣዕም የሌለውን ነገር ምላስ በምን ያውቀዋል?»

ጋሽ ሚዛን ከንፈራቸውን በእጃቸው ጠረጉ። አጥብቀው የሚያምኑት ነገር ሲነካባቸው እንዲህ ያደርጋሉ።

«እሺ፣ ይመርመር። የናንተ ቤት አለ አይደል? ሁለተኛ ምን ያደርጋል?»

«ክፉ ቀን ሲመጣ ከየአገሩ የሚላከው ናሙና እኛ ዘንድ ተራ ይጠብቃል። ተራው እስኪደርስ ጥፋተኛውም ንጹሑም አብሮ ይታሸጋል። መመርመሪያው እዚሁ ቢኖር ክፉው ጆንያ ተለይቶ ይወጣ፣ የቀረው ወፍጮ ይዞር ነበር።»

«እንግዲያው መንግሥት ክፉው ቀን ሲመጣ ያን ጊዜ ያውጣ።»

ልጅቱ ግን፣ «የወፍጮውን ድንጋይ የሚያስወቅሩት መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«እህል ሳይመጣ ነዋ።»

«እህል ከሌለ ለወቃሪው ለምን ይከፈለዋል?»

«አዬ ልጄ፣ ሰው ተሸክሞ ደጅ ከተሰለፈ በኋላ ድንጋይ ይወቀራል? የደነዘዘ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያቃጥለዋል እንጂ...» አሉና ንግግራቸው እዚያው ላይ ቆመ።

«መሣሪያም ይደነዝዛል፣ አባባ። የሰው እጅም እንደዚያው ነው። በደኅናው ቀን ያልሠራበት መርማሪ በክፉው ቀን ይሳሳታል።»

ሰው በሌላው ጥበብ ተረትቶ አያውቅም፤ የሚረታው በገዛ ሙያው ነው። ጋሽ ሚዛን ማኅተሙ ወደ ተፈታው በር ዞር አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ቤቱ ቢሠራ... አንቺ ትመጫለሽ? እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኮ ማታ ማታ የማወራው ከወንፊቱ ጋር ነው።»

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ፤ መልሷ ግን አልተለወጠም። «የእርስዎ ወፍጮ እስከ ዞረ ድረስ እዚህ አይመድቡኝም። መመደብም የለባቸውም።»

«እንግዲያው ላንቺ ብዬ ብናገር ከንቱ ነኝ።»

«ለሰዉ ብለው ይናገሩ።»

ናሙናው ተወሰደ፤ መኪናዋም ሄደች። አባት አቧራው እስኪያርፍ ድረስ መንገዱን ሲያዩ ቆሙ፤ ከሰዓት በኋላም ምክር ቤት ገቡ። እኔም ከኋላ ወንበር ነበርሁ። ንግግራቸው አጭር ነበር፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ይላል ተረቱ። አጥሩን እኛ ነጋዴዎቹ እናጥረዋለን። መንግሥት እኛ በምላሳችን የማንደርስበትን ይሥራልን፤ በክፉ ቀን ብቻ ሳይሆን በደኅናውም ቀን ይደግፈው።»

ቆይቶ ውጤቱ መጣ። በጋሽ ሚዛን ቤት ገና ካልተሸጡት ጆንያዎች የአንዱ አፍ ንጹሕ ሲሆን፣ ሆዱ ውስጥ መርዝ ተገኘበት። ያ ጆንያ ተቃጠለ፤ ወፍጮውም ዞረ።

ዛሬ ከጤና ጣቢያው ጀርባ መመርመሪያ ቤት አለን። አንድ ክረምት ሻጋታው ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን የአንድ ነጋዴ በቆሎ ብቻ ተለይቶ ተያዘ፤ የታመመ ሰው አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ እናቶችም ዱቄታቸውን ያለ ፍርሃት ወሰዱ። የመንግሥት ገንዘብ ሥራ እንዲህ ነው፤ መልካሙ ፍሬው ሳይደርስ የቀረው ጥፋት ነውና ሰው አያየውም።

የእኛ መርማሪዎች ሥራቸው እንዲመሳከር አልፎ አልፎ ከያዙት ናሙና ከፍለው ወደ ዋናው ከተማ ይልካሉ። በከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ባለፈው የጋሽ ሚዛን ዱቄት ሲላክ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ከረጢቱን ተቀብለው በመዳፋቸው አበስ አበስ አደረጉትና መለሱት።

«እጇ ይገባ ይሆናል፤ የኔ መሆኑን ግን አታውቅም» አሉኝ። «ደግሞም አለማወቋ ደግ ነው። ብቻ ንጹሕ ሆኖ ስታገኘው ደስ ይላታል፣ አይደል?»

«የማንም ቢሆን ደስ ይላታል» አልኋቸው።

«እንግዲያው ይበቃኛል» አሉና ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።