የሚመስል ቁጥር

አባ ባልዲ ያን ቀን የወንድማቸውን ልጅ ላለማግኘት ሲሉ በዓሣ ማውረጃው በኩል አልሄዱም። በበረዶ ቤቱ ጀርባ ዞረው፣ የተሰባበረ ሣጥን እየተሻገሩ፣ እግራቸው እንደዚያ እያመማቸው ረጅሙን መንገድ ያዙ። ልጅቱም ለካ እሳቸውን ላለማግኘት ብላ ነው በዚያው የመጣችው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ውስጥ ግንባር ለግንባር ገጠሙ።

አባ ባልዲ የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ወደቡ ጫፍ ላይ ያለው የባሕር ጥናት ጣቢያ ከቀጠራቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በየጠዋቱ አርባ ሁለቱን የድንጋይ ደረጃ ወርደው፣ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድተው፣ ቴርሞሜትሩን ነክረው፣ ያዩትን ሙቀት መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ሥራው ይኸው ነው። አባቷ በልጅነቷ የሞተባትን የወንድማቸውን ልጅ ያሳደጉትና ያስተማሩት በዚህ ሥራ ነው፤ ተምራም እዚያው ጣቢያ ነጭ ጋዋን ለበሰች። እሳቸው ግን ይህን ያህል ደክመው ያስተማሩትን ትምህርት አንድም ቀን አምነውበት አያውቁም። “በዓይን የማይታይ ሣር ስትቆጥሪ አረጀሽ” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አሁን ቀልዱ ቀርቷል። ከአምስት ቀን በፊት የአርባ ዓመት ጓደኛቸው ጀልባ አናጢው ከቋጥኙ ላይ የለቀመውን የባሕር ዛጎል እንደ ወትሮው ቀቅሎ ምሳውን በላ። መጀመሪያ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ትንፋሹ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። በዚያ ሳምንት በጣቢያው በር ሰሌዳ ላይ፣ በልጅቱ የእጅ ጽሕፈት፣ “ዛጎል መብላት አያሰጋም” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።

“ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?” አለች የጠርሙስ ሣጥኗን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች።

“ይመስገን ልጄ። ከሳሽ።”

“አሸነፉኝ እኮ። አዝነውልኝ ዝም አሉ እንጂ።”

“ምኑን ነው ያሸነፍኩሽ?”

“ነገ አዳራሹ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል። የአናጢውን ሞት ሊጠይቁኝ ነው። እኔም ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ የተማርኩት ትምህርት እዚህ ባሕር ላይ አይሠራም እላቸዋለሁ። ከዚያ ጋዋኑን አስረክቤ እወጣለሁ።”

ስንት ዓመት ሙሉ ሊሰሙት የተመኙት ቃል ነበር። ሲሰሙት ግን አልጣማቸውም፤ ምክንያቱም እሷ የማታውቀውን እሳቸው ያውቃሉ። የተገለበጠ ሣጥን ስበው ተቀመጡ፤ እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አባ ባልዲ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለትምህርት ጠበቃ ሊቆሙ ነው።

“አትቸኩይ እስቲ። ምኑ ነው የማይሠራው? አስረጂኝ።”

“ዛሬ ምን ያደርግልዎታል?”

“ግድ የለም፣ አስረጂኝ።”

ልጅቱ ተነፈሰች። “ያ ሣር የሚሉት ፋይቶፕላንክተን ይባላል። ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቂቅ ዕፅ ነው። ዓሣውም ዛጎሉም ዞሮ ዞሮ የሚኖረው በሱ ነው። ከብርሃን ሌላ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ምግብና የሚስማማው ሙቀት። ምግቡ እርሻ ላይ እንደሚበተነው ማዳበሪያ ነው በሉት። ባሕር ውስጥ ይህ ምግብ የሚከማቸው ከታች፣ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነው። ነፋስ ውሃውን ሲያገላብጠው ወደ ላይ ይወጣል። የላይኛው ውሃ በጣም ሲሞቅ ግን ይቀልልና ከታችኛው ጋር አልደባለቅም ይላል፤ እንደ ድስት ክዳን ከድኖት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ደጉ ዘር፣ ዓሣ የሚያወፍረው፣ ምግብ ያጣል። ሰው ‘ባሕሩ ጠራ፣ አማረበት’ ሲል እኔ ባዶ ቀረ እላለሁ።”

“እዚህ ወደባችን ውስጥማ ምን ሆኖ ምግብ ያጣል? የዓሣ እጣቢው፣ የሰፈሩ ቱቦ፣ ሁሉም የሚፈሰው እዚሁ አይደል?”

“እሱ ነዋ ጉዱ! ምግቡ ሞልቷል። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ሌላ ዘር ይነሣል፤ መርዘኛው። ጭራ አለው፤ ወደ ታች ወርዶ ይመገብና ብርሃኑ ጋ ተመልሶ ይወጣል። ዛጎሉ ያንን ከውሃው አጣርቶ ይበላል። ለራሱ ምንም አይሆንም፤ መርዙን ግን ሥጋው ውስጥ ያጠራቅመዋል። ቢቀቅሉት አይጠፋ፣ ቢጠብሱት አይጠፋ።”

አባ ባልዲ አንድ መውጫ ቀዳዳ ያገኙ መሰላቸው። “በያ! የገደለው ቱቦው ነዋ! ሙቀቱን ምን አመጣው?”

“ጋሼ፣ ሊጥ አቡክተው ብርድ ላይ ቢተዉት ይነሣል? ዱቄቱም እርሾውም ያው ነው፤ ምድጃ አጠገብ ሲያደርጉት ግን ከዕቃው ገንፍሎ ይወጣል። ቱቦው ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፤ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ አይሞትም። ያ መርዘኛ ዘር እኛ ባሕር ውስጥ ከሃያ ሦስት ዲግሪ በታች እንደልቡ አይባዛም።”

“አንድና ሁለት ዲግሪ ለውሃ ምኑ ነው? እኔ ገላዬን ስታጠብ አላውቀውም።”

“እርስዎ ሰባ ኪሎ ነዎት፤ እሱ አንድ ፍሬ ሕዋስ ነው። ሲበርደው በሦስት ቀን አንዴ ለሁለት ይከፈላል እንበል። በአሥር ቀን አንዱ አሥር ቢሆን ነው። ሲሞቀው ደግሞ በየቀኑ ይከፈላል። አሁን ያስሉት፤ በአሥር ቀን አንዱ ሺህ ይሆናል። ሙቀቱ ልኩን ካለፈ እሱም በአንዴ ይረግፋል፤ እያንዳንዱ ዘር የየራሱ ልክ አለው። ቴርሞሜትር የምንነክረው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።”

ሽማግሌው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ሰው ያላመነበትን ነገር አንዳንድ ጊዜ ጣቱ ቀድሞት ያምናል። ሺህ ሳይደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ እንዲህ ከሰመረ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሽው?”

“ቁጥሩ ላይ ነዋ!” አለች። “መርዘኛውን በማይክሮስኮፕ የምንቆጥረው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። በመሃል ሙቀቱ ሃያ ሦስት ካለፈ ግን የዚያኑ ዕለት ቀድቼ እቆጥራለሁ። መዝገቡን መቶ ጊዜ አየሁት። ሃያ አንድ፤ ሃያ አንድ ተኩል፤ ሃያ ተኩል፤ ሃያ አንድ። አያሰጋም ብሎ ነገረኝ፣ አያሰጋም ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው ሞተ።”

“ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ እንዳይሆን” አሉ፤ ሲሉትም አፈሩ።

“ትናንት ፈተሽኩት፤ ደኅና ነው። ነክሬም አየሁ፣ ሃያ አንድ ነው።”

“ትናንትማ... ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ነፋሱ ሲያገላብጠው ሰነበተ።”

“ከዚያ በፊትም ሃያ አንድ ነበራ! ቴርሞሜትሩ ደኅና፣ እርስዎ ደኅና፤ የቀረው ትምህርቱ ነው። ውሸታሙ እሱ ነው።”

እርስዎ ደኅና። እዚህ ላይ አባ ባልዲ ዝም ብለው ቢነሡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ትምህርቱ ውሸታም ተብሎ፣ ልጅቱ ጋዋኗን አስረክባ፣ እሳቸው በክብር ጡረታ ይወጡ ነበር። ይህንንም አሰቡት፤ አላሰቡትም ብል እዋሻለሁ።

“ልጄ፣ ቁጥሩን የጻፍኩት ከወንበሬ ላይ ሆኜ ነው።”

አልገባትም።

“ደረጃውን አልወረድኩም። ከአራት ዓመት ወዲህ የወረድኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ያኔ በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን ነክሬ ሃያ ስድስት አየሁ፤ ያየሁትን ጻፍኩ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ በቀይ አክብቦበት ሰው ፊት ጠራኝ። ‘አባባ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ? ይሄ ቁጥር አይመስልም። የሚመስል ያምጡ’ አለኝ። እኔም የሚመስል አመጣሁለት። ያለፈውን ዓመት ገጽ እገልጣለሁ፤ እዚህ ግማሽ እጨምራለሁ፣ እዚያ ግማሽ እቀንሳለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም መዝገባቸው ንጹሕ ነው ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። እግሬም ደረጃውን ጠልቶት ነበር፤ ሁሉም ተመቻቸልኝ።”

ልጅቱ ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ ነካካች።

“የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚያ መዝገብ ነው” አለች። “ወደባችን አልሞቀም ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል።”

“እንግዲህ ትምህርትሽ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ነገ ሥራ እለቃለሁ እንዳትይ።”

“ነገ እኔ እርስዎን አልከስም። አሳድገውኛል። የሚሉትን እርስዎ ያውቃሉ።” ተነሣች፤ የመጣችበትንም መንገድ ይዛ ተመለሰች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የዓሣ ገበያው ሊቀመንበር ሲናገር ልጅቱን “የኛ ምሁር” እያለ በምላሱ ይወጋታል። ከኋላም “ጋዋን ለብሳ ሰው ፈጀች!” የሚል ድምፅ መጣ። የአናጢው ሚስት ከፊት ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። አባ ባልዲ እጃቸውን አውጥተው ተነሡና ለልጅቱ የነገሯትን ሁሉ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ ወንበሩን፣ ቀዩን ክብ፣ የምስጋና ወረቀቱንም ጭምር።

ፈርተው የነበረው ስድብን ነበር። የመጣው ሌላ ነው።

“እርስዎ ምን ያድርጉ አባባ! በዚህ ዕድሜዎ ያን ሁሉ ደረጃ!” አለ አንዱ።

“ሰው ነን፣ ሁላችንም እንሳሳታለን” አለች ሌላዋ።

ሊቀመንበሩም ቀጠለ። “አባታችን እውነቱን ተናግረዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ልጅቱ ግን ወጣት ናት፣ ወርዳ ማየት ነበረባት።”

እንግዲህ ሰዎቻችን እንዲህ ናቸው። የሚመስላቸውን ሽማግሌ በአንድ ትንፋሽ ማሩ፤ የማትመስላቸውን ልጅ ግን ጥፋት የሌለባት መሆኑን ከሰሙ በኋላም አልለቀቋትም። አባ ባልዲ ይቅርታው ከስድቡ ይልቅ አመማቸው።

“አትማሩኝ!” አሉ። “እኔን ስትምሩ ነገ ሌላ ሰው ትቀብራላችሁ። ይህች ልጅ ትናንት ያስረዳችኝን ስሙ። ሙቀቱ በየጠዋቱ በእውነት ይለካ፤ ቁጥሩ ደስ ባይለንም ያው ይጻፍ። ሃያ ሦስት ሲያልፍ ይቆጠር፤ መርዙ ከተገኘ ቋጥኙ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀል፣ ማንም አይልቀም። እጣቢውና ቱቦው ከወደቡ ይውጣ፤ መርዘኛውን እየቀለብነው ያለነው እኛ ነን። ይህን ብናደርግ ልጆቻችን በልተው ያድራሉ፤ ዓሣው መቼ እንደሚርቅ፣ መቼ እንደሚቀርብ ቀድመን እናውቃለን። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ባልዲ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግሁም።”

የአናጢው ሚስት ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት “ጋሼ፣ እርስዎ” ስትላቸው የኖረች ሴት ናት።

“እኔ አልማርኩህም” አለች። “ከነገ ጠዋት ጀምሮ ደረጃውን እኔ እወርዳለሁ። አንተ ከላይ ሆነህ የምነግርህን ትጽፋለህ። እሷ ደግሞ ሁለታችንንም ትቆጣጠራለች።”

እንደዚያም ሆነ። ልጅቱ ጋዋኗን አላስረከበችም፤ እሳቸው ቤት መምጣት ግን ተወች። ጣቢያው ውስጥ ስታገኛቸው ሰላምታዋን ትሰጣለች፣ መዝገቡን ትመረምራለች፣ ትሄዳለች። አባ ባልዲ ይህን ያለ ቃል ተቀበሉ። ጎድቷቸዋል፤ ይገባኛልም ይላሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነፋሱ ቆሞ፣ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ሳለ፣ ሴትዮዋ ከታች “ሃያ ስድስት ከሩብ!” ብላ ተጣራች። የሽማግሌው እጅ ልማዱን አልተወምና ብዕሩ አየር ላይ ቆመ።

“ጻፍ!”

ጻፉ። ልጅቱ ቀትር ሳይሆን ቆጥራ ጨረሰች፤ ቀዩ ጨርቅ ተሰቀለ። ዛጎል ለቃሚዎቹ ሦስቱንም ረገሟቸው። አንዷ ሴት የጣቢያው በር ላይ ባዶ ድስቷን አስቀምጣ ሄደች፤ ሊቀመንበሩም “ምሁራችን ገበያ ዘጋች” አለ። የእጣቢው ቱቦም እስከ ዛሬ ከንፈሩን ወደ ወደቡ እንደከፈተ ነው። ጨርቁ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ወረደ። በነዚያ ቀናት ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፤ የምስጋና ቃል ይዞ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።

“አንድ ሰው እንኳ ‘ደግ ሠራችሁ’ አይልም?” አሉ አባ ባልዲ ጨርቁን እያጠፉ።

“ማን ያመስግንህ? መዳኑን የሚያውቅ ማን አለ?” አለች የአናጢው ሚስት ባልዲውን እየደፋች። “ያን ጊዜ እውነቱን ጽፈህ ቢሆን ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ ዛጎል የከለከለኝ ሰው ብዬ ነበር የማውቅህ። ስረግምህ እውል ነበር፤ ማታ ከባሌ ጋር እራት እየበላሁ።”