የእትዬ አስካለ ካሴት

ሞላሌ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ እየጠገንኩ ስኖር፣ ከተበላሹ ሬዲዮዎች ሆድ ዕቃ ለራሴ አንድ ኦርጋን ሠርቼ ነበር። ከቴፕ የሚመጣ ድምፅም ይቀበላል፤ ግን ድምፁ ሲበዛበት ያጓራል። ስለዚህ መግቢያው ላይ የሚያበዛና የሚቀንስ የሚዞር ቁልፍ ገጠምኩለት።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ካሴት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቄ መጡ። ባላቸው ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ካሴቱ በሁዳዴ በገና ሲደረድሩ የተቀዱበት ነው። "በእኔ ቴፕ ድምፁ ደከመብኝ፤ በማሽንህ አሰማኝ" አሉኝ። አገናኝቼ ብከፍተው እንደ ወፍጮ ሞተር አንባረቀ። ጆሯቸውን ይዘው "ኧረ እሱ እንዲህ አይጮህም ነበር!" አሉ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ ስቀንሰው ጩኸቱ ጠራና በገናው ወጣ። ደስ ብሎኝ በኦርጋኑ ማጀብ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ያንተን ተወውና የእሱን ብቻ አሰማኝ።"

አፍሬ እጄን ሰበሰብኩ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ ቁልፉን ለአመል ያህል ከፍ አደረግኩት። ከበገናው በፊት ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ፣ አጠገባችን የተቀመጡ ይመስል የሰውዬው ድምፅ መጣ፦ "አስኩ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ነፋሱ ገባ።"

እትዬ አስካለ ብድግ ብለው የሱቄን በር ዘጉ። ያደረጉትን ያወቁት ከዘጉት በኋላ ነው። በገናው ሲጀምር ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣ እጃቸው መዝጊያው ላይ ነበር። እኔም እስኪያልቅ ድረስ የድምፁን ቁልፍ አልነካሁም።