ከጭቃ የተነሳ ወረቀት

(ቻይና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ ሰሞን። በአንዲት የወደብ ከተማ ሚሲዮን ግቢ፣ የኮንፊሽየስ መጻሕፍት በታጨቁበት ክፍል፣ ጀርመናዊው ፓስተር ሃርትዊግ አብሮት የሚተረጉመውን ሽማግሌ ሊቅ መምህር ሹን ይለምናል።)

ሃርትዊግ፦ አንዲት ቃል ብቻ፣ መምህር። ነገ አለቃዬ ከጀርመን ይመጣል። «አምነዋል ወይ?» ሲልዎት «አዎ» ይበሉት፤ በቃ።

መምህር ሹ፦ ምኑን ነው ያመንኩት?

ሃርትዊግ፦ ክርስትናን ነዋ።

መምህር ሹ፦ እሰይ። ለእኔ ሳይነገረኝ መቅረቱ ግን ትንሽ ቅር ይላል።

ሃርትዊግ፦ አይቀልዱ። ገበያ ላይ የምናድለውን የስብከት ወረቀት ሰው አንብቦ ሲጥለው፣ እርስዎ ከጭቃ እያነሱ በእጅጌዎ ጠርገው ወደ ቤት ሲወስዱ አየሁ። እንባዬ መጣ። ለአለቃዬም «አምነዋል» ብዬ ጻፍኩለት። ይህን ክፍል ለመጻሕፍቱ የፈቀደልን እኮ በዚያ ነው።

መምህር ሹ፦ አንብቦ? ሳያነብ ነው የሚጥለው። እኔም አላነበብኩትም።

ሃርትዊግ፦ ታዲያ ምን ያደርጉበታል?

መምህር ሹ፦ አቃጥለዋለሁ።

ሃርትዊግ፦ ያቃጥሉታል?

መምህር ሹ፦ በክብር ነዋ። እኛ ዘንድ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አይረገጥም። ከወደቀበት አንስተን በቤተ መቅደሳችን ምድጃ እናቃጥለዋለን፤ አመዱን ባሕር ላይ እንበትናለን። ያንተ ስብከት ይሁን የሳሙና ማስታወቂያ፣ አናበላልጥም።

ሃርትዊግ፦ ከሳሙና ጋር እኩል አደረጉኝ?

መምህር ሹ፦ አክብሬህ ነው። የሳሙናው አጻጻፍ ይሻላል።

ሃርትዊግ፦ ቀልዱ ይቆየን። አለቃዬ እውነቱን ከሰማ ክፍሉን ያስለቅቀናል። መጻሕፍቱን የት እናደርሳቸዋለን? አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ኮንፊሽየስን አውጥተው ጥለውታል። ገበያ ላይ ለውዝ በምን እንደሚጠቀለል አይተዋል።

መምህር ሹ፦ አይቻለሁ። ትናንት የአባቴ እጅ ጽሑፍ ያለበት ገጽ አገኘሁ። ለውዙን የገዛሁት ለእሱ ስል ነው፤ እኔ መች ጥርስ አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሃርትዊግ፦ እንግዲያስ «አዎ» ይበሉ።

መምህር ሹ፦ አልልም። የኮንፊሽየስ መጽሐፍ አትዋሽ ይላል። ዋሽቼ ካተረፍኩት ምኑን አተረፍኩት? ወረቀቱን ብቻ።

ሃርትዊግ፦ የእኔም መጽሐፍ አትዋሽ ይላል።

መምህር ሹ፦ ጎሽ። አንተም አላነበብከውም ማለት ነው።

ሃርትዊግ፦ እሺ፣ ይሁን። ማንም አላመነም እለዋለሁ። መጻሕፍቱ ግን እዚሁ ይቆዩ ብዬ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

መምህር ሹ፦ ያባርርሃል።

ሃርትዊግ፦ ያባርረኝ። ቤት እከራይና እዚያ አስቀምጣቸዋለሁ።

መምህር ሹ፦ ቆይ፣ ጎንበስ ብለህ ምን አነሳህ?

ሃርትዊግ፦ ምንም። የወደቀ ወረቀት ነው፤ የሳሙና ማስታወቂያ።

መምህር ሹ፦ በእጅጌህ ጠርገህ ኪስህ ከተትከው እኮ።

ሃርትዊግ፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

መምህር ሹ፦ ነገ አለቃህ ፊት እንዳትደግመው። ማን ማንን እንዳሳመነ ይገባዋል።