መንገድ የማይዘጋው አደራ

ሽንኩርት ነጋዴዋ መናኸሪያው በር ላይ ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ያጉረመርማል። ናዳ መንገዱን ዘግቶታል፤ ዛሬ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። ልጇ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ምጥ ጠንቶባት ቀዶ ሕክምና ታዞላታል፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ውጭ ካልተገዛ አይጀመርም፤ አማቿ ደግሞ ባዶ እጁን ነው። እሷ እንደ ወትሮዋ ገንዘቡን በመሀረብ ቋጥራ ለምታውቀው ሹፌር አደራ ልትሰጥ ነበር የመጣችው።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው ፊትዎ እንዲህ የጠቆረው?» አለቻት ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ብቅ ያለች ወጣት። የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ ይዛለች። ነገሩን ስትሰማ፣ «ታዲያ በስልክዎ ይላኩላት! ልጅዎ አስመዝግባዎት የለ?» አለች።

«ተይኝ ልጄ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እህቴን አንዱ ደውሎ ‹ሽልማት ደርሶሻል› ብሎ ሙልጭ አድርጓታል።»

«የምስጢር ቁጥሯን ነግራው ይሆናላ!»

«እንዴት አትንገረው? በትሕትና ጠየቃታ!»

ወጣቷ ሳቋን ዋጠች። «በትሕትና ለጠየቀዎ ሁሉ የቤትዎን ቁልፍ ይሰጣሉ?»

«በቁሜማ አላደርገውም!»

«ቁጥሩም ቁልፍ ነው። ለእኔም ቢሆን እንዳይነግሩኝ።»

«ሹፌሩ ቢበላኝ ቤቱ ሄጄ እጮኻለሁ። ይሄ ቢበላኝ ማን ዘንድ ልጩህ?»

እውነትም መልስ የሚያሻው ጥያቄ ነበር። «እኔ ዘንድ ይጩሁ፤ ፈቃዴ በሩ ላይ ተለጥፏል። የላኩት ሁሉ ማስረጃው ስልክዎ ላይ ይቀራል። ሹፌሩ ታማኝ ነው እትዬ፣ ግን ናዳ ላይ አይበር!»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ አማቿ ነው። «እማማ፣ ኧረ የት ደረሰ? እየደከመች ነው!»

ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ወጣቷ ገንዘቡን ተቀብላ ወደ ስልኳ አስገባችላት፤ የአማቿን ቁጥር ጽፋም የተቀባዩን ስም ጮክ ብላ አነበበች። «አማችዎ ነው? ካልሆነ እንዳይጫኑ።»

«እሱ ነው። አንቺ ግን ፊትሽን አዙሪ!»

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ወጣቷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ስልኩን በነጠላዋ ከልላ ቁጥሯን ነካካች። አማቿ ግን ቶሎ አልደወለም። «በላኝ፤ ወይኔ ልጄን!» አለች። አማቿ እስኪደውል ዓመት የቆመች መሰላት።

«ደርሷል! መድኃኒቱን ገዛሁ፤ ቀዶ ሕክምና ገብታለች።»

ሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከእንግዲህ የምትፈራው ለልጇ ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ያን መጠበቅ ደግሞ ሰው አያሳጥረውም። ወጣቷ ውሃ ሰጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደ እሷ ገንዘብ ሊልኩ የመጡት ሰዎችም ቋጠሯቸውን እንደያዙ ከበቧቸው።

አማቿ እንደገና ሲደውል ድምፁ በለቅሶ ተቋርጦ ነበር። «ወንድ ነው፤ እሷም ነቅታለች» አላት።

እልል ብላ ስትጨርስ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ስሙኝ! ስልክ ላይ ያለ ገንዘብ ቁጥሩን ካልነገሩት ሌባ አይነካው፣ ናዳ አይዘጋው፣ ቤት ቢቃጠል አይነድ። ለደግ ቀን ቢያስቀምጡት ይቀመጣል፤ ለክፉ ቀን ቢጠሩት ይደርሳል። ማንበብ ያቃተው የሚያምነውን ሰው ይዞ ይምጣ፤ ቁጥሩን ግን ለራሱ!»

መጀመሪያ የተሰለፈው መንገድ የተዘጋበት ያ ሹፌር ነበር። «እኔም ለባለቤቴ ልላክ እንጂ» አለ አንገቱን እያከከ።

«ላክ ወንድሜ» አለችና ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችለት፤ «ና፣ ልከልልህ!»